ሐሳብ የሌለበት

ወንዙ ሦስተኛውን ቀይ ምልክት ሲነካ ጠራቢዋ ከአዲሱ የድንጋይ ድልድይ መወጣጫ እየተንደረደረች ትወርድ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጠዋት በጥድፊያ ያሰረችው የቆዳ መታጠቂያዋ ተፈታና መሮዋና መዶሻዋ ደረጃው ላይ ተንኳኩተው ወደቁ። አላነሳቻቸውም። መሮዋን ጥላ ስትሄድ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ምልክቶቹን በቀይ አፈር የቀባው አባቷ ነበር። የግንበኞች አለቃ ነው፤ አገሩ ሁሉ ግን «ውኃ ልክ» ብሎ ነው የሚጠራው። ጠማማ ነገር ካየ፣ ድንጋይም ይሁን ወሬ፣ ካላቃናው እንቅልፍ አይወስደውም። የመጀመሪያው ምልክት «ተጠንቀቁ»፣ ሁለተኛው «ተዘጋጁ»፣ ሦስተኛው «ዛሬውኑ ድጋፉን አውርዱ» ማለት ነበር። የቅስት ድንጋዮች ሁሉም ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ራሳቸውን አይችሉም፤ ከሥር የሚሸከማቸው የእንጨት ድጋፍ ይፈልጋሉ። ኖራው ከደረቀ በኋላ ግን በድጋፉ እግር ሥር ያሉት ሽብልቆች እየተመቱ ይወጣሉ፣ ድጋፉም በእኩል ዝቅ ይላል። ሰው በእኩል ካላወረደው ወንዙ መጥቶ በአንድ ጎኑ ይነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ቅስቱ ወደዚያው ዘመም ይልና የስድስት ዓመት ድካም ውኃ በላው ማለት ነው።

ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። ሃያ አራት ሰው መዶሻውን ይዞ በሁለቱም ዳርቻ፣ ከሽብልቆቹ አጠገብ ቆሟል። የሚመታ ግን የለም፤ የአገሩ የሃይማኖት ሊቅ ድልድዩን ገና አልባረኩማ።

የገዢው ትእዛዝ በጠራቢዎቹ ዳስ በር ላይ፣ ብራና ላይ ተጽፎ፣ ቀይ የሰም ማኅተም ተደርጎበት ተሰቅሏል፦ «ሊቁ ሳይባርኩት ከዚህ ድልድይ አንድ ሽብልቅ የነቀለ እጁ ከሥራ ይታገዳል።» ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከስምንት ዓመት በፊት የቀድሞው የእንጨት ድልድይ ዐሥራ አንድ ሰው ይዞ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ዳር ያለ ሕዝብ ይህን ወንዝ እንደ ባለ ደም ነው የሚያየው፤ በረከት ካልወረደበት ማንም አይረግጠውም። ከዐሥራ አንዱ አንዱ የጠራቢዋ ባል ነበር።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሊቁ በታንኳ ተሻግረው ሲመጡ ከቁልፍ ድንጋዩ ላይ የተሸፈነው ማቅ ተገፈፈ። በቅስቱ አናት ላይ፣ ሁሉንም ግራና ቀኝ የሚያስረው ድንጋይ እሱ ነው፤ ጠራቢዋ ናት የጠረበችውም፣ ያስቀመጠችውም፣ የጻፈችበትም። ገዢው «መንገደኛው እንዳይፈራ አንድ አጭር ቃል ጻፊበት» ብሏት ነበር። ሊቁ ታንኳው ላይ እንዳሉ ቀና ብለው አነበቡ። ዐይናቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ። ከዚያ ባለ ታንኳውን «ቶሎ አድርሰኝ» አሉት፤ መሬት ሲረግጡም የመጀመሪያ ቃላቸው «ያ ድንጋይ ይውጣ» የሚል ነበር።

ቁልፍ ድንጋይ ይውጣ ማለት ድልድዩ ይፍረስ ማለት ነው። ሊቁ መጽሐፍ እንጂ ድንጋይ አያውቁም፤ አንድ ጥርስ እንደማስነቀል መስሏቸዋል።

ጠራቢዋ ሊቁ ዘንድ ተጠርታ ወደ ዳሱ ስትሮጥ እማማን አየቻቸው። የባሏ እናት ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከመንገዱ ዳር ካለው የተጣለ ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከሰመጠ ወዲህ በታንኳም በምንም አልተሻገሩም። ሴት ልጃቸው ማዶ ተድራ ሦስት ወልዳለች፤ እማማ ሦስቱንም በወሬ እንጂ በዐይን አያውቋቸውም።

«ምን ሆነሻል፣ አንቺ ልጅ?» አሏት።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ። ጽሑፌ አልጣማቸውም።»

«እኔ ፊደል ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ እማማ፣ ወደ ወንዙ ሳይዞሩ።

ውኃ ልክ በሩ ላይ ጠበቃት። ፊቱ በኖራ ነጥቷል፤ ወይም በድንጋጤ፤ ለመለየት ያስቸግራል። ጆሮዋን ሳብ አድርጎ «'ሐሳብ' ያልኩት ጭንቀት ማለቴ ነው በይና ገላግይን» አላት።

«እሺ፣ አባዬ።»

«ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ። አፍሽን አውቀዋለሁ።»

ዳሱ ውስጥ ወለሉ ሁሉ በነጭ ኖራ ተለስኗል። ድልድዩ ገና ሐሳብ በነበረበት ጊዜ ውኃ ልክ በዚህ ወለል ላይ ቅስቱን በሙሉ ልኩ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ በብረት ጫፍ ጭሮ ሥሎታል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የተጠረበው በዚህ ተለክቶ ነው። አሁን ገዢው በግማሽ የተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወንበር መጥቶለት ነበር፤ ረስቶታል። ሊቁ በሥዕሉ መሐል፣ ልክ የቁልፍ ድንጋዩ መሥመር ላይ ቆመዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ እጃቸው በቀለም የጠቆረ፣ ሰው ሲናገር ጆሯቸውን በእውነት የሚሰጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን አንብቢልኝ» አሏት።

«ሐሳብ የሌለበት ይጠብቅሃል።»

«ሐሳብ ማለት ምንድነው?»

«ጭንቀት ነዋ፣ አባታችን። ሰው 'ሐሳብ ገባኝ' ይላል፤ 'እገሊትን ሐሳብ ጨረሳት' ይላል። ሕዝቡ ድልድይ ይፈራል። እና ጭንቀት የማይነካው ይጠብቅሃል፣ አትፍራ ለማለት ነው።»

ውኃ ልክ በረጅሙ ተነፈሰ። ገዢውም ጉልበቱን መታ አደረገ።

«እኔ በኖርኩባቸው መጻሕፍት ግን ሐሳብ ማለት ዕቅድ ነው» አሉ ሊቁ። «ዓለም ሳይፈጠር የነበረ ሐሳቡ እንላለን። እንደዚያ ሲነበብ ድንጋይሽ አምላክ ዕቅድ የለውም ይላል። ያገኘውን እንዳገኘ እንደሚደረድር ሰካራም ግንበኛ አደረግሽው። ከሁለቱም ዳር ሰው በየቀኑ ይህን እያነበበ ሊሻገር ነው።»

«አባታችን፣ ቃሉ ሁለት ፍቺ ካለው እሷ በአንደኛው ጻፈች፤ ነገሩ አለቀ» አለ ገዢው። «ውኃው እየመጣ ነው።»

«እኔም እንዲያልቅ ነው የምፈልገው። አንድ ጥያቄ ብቻ።» ሊቁ ወደ እሷ ቀረብ አሉ። «ሁለተኛው ፍቺ ስትቀርጪው ትዝ አላለሽም? አላለኝም በይና አሁኑኑ ወጥቼ እባርካለሁ።»

አንዲት ቃል ናት። አባቷን ከበሩ ላይ ሳል ሳል አደረገው፤ ሳይታመም ነው የሚስለው። ጠራቢዋ «አላለኝም» ልትል አፏን ከፈተች። የሽማግሌውን እጅ አየች፤ ያን በቀለም የጠቆረ እጅ። ያ እጅ በባሏ ቀብር ላይ እጇን ይዞ ነበር። ለዚያ እጅ መዋሸት አቃታት።

«ብሎኛል» አለች። «እንዲያውም በሁለቱም ፍቺ ነው የጻፍኩት።»

ውኃ ልክ ዐይኑን ጨፈነ። ገዢው «የፈሩት ይደርሳል» ብሎ ራሱን ያዘ።

«ዕቅድ የለውም ብለሽ ነው?» አሉ ሊቁ፣ በዝግታ።

«አያስፈልገውም ብዬ ነው፣ አባታችን።»

«አንቺ ራስሽ ያለ ንድፍ ትሠሪያለሽ?»

«እኔማ ምን አቅም አለኝ?» አለች። መናገር ከጀመረች በኋላ መዶሻዋን የያዘች ያህል ሆነች። «የቆሙበትን ወለል ይመልከቱት። ይህን ሁሉ መሥመር የጫርነው ፈርተን ነው። ድንጋይ ከተሰነጠቀ መልሼ አልገጥመውም፤ ዝናቡን ቁም አልለውም፤ ነገ የሚሆነውን አላውቅም። ለዚህ ነው የማቅደው። ውጭ ያለውን እንጨትም ያቆምነው ድንጋዮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ስለማንችል ነው። አንድ የሚችል ቢኖር፣ 'ይሁን' ሲል ቅስቱ ቆሞ የሚገኝለት፣ ያን ሁሉ እንጨት ምን ያደርገዋል? ንድፍስ ምን ይሠራለታል?»

«ዕቅድ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ማወቅም ነው።»

«ማወቁንማ ያውቃል። አውቆ ግን ይጠብቃል እንዴ? ዕቅድ ማለት ዛሬ ያልሆነልኝን ነገ እንዲሆንልኝ የማደርገው ነው። እሱ ምን ያልሆነለት አለና? ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል ይባል የለ? የተረቱት ሰዎች ማሰቡን ለእኛ ሰጥተው ለእሱ መፈጸሙን ብቻ ነው የተዉለት። እኔ ድንጋይ ላይ ጻፍኩት እንጂ የሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለ ነገር ነው።»

በሩ ላይ ከተሰበሰቡት ግንበኞች አንዱ ሳቀ፤ ቶሎም አፉን ያዘ። ሊቁ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ተረቱን በልባቸው እየደገሙት ነበር። ስንት ጊዜ ብለውታል።

«ይህን ለማለት ብቻ ድልድይ አታስይዢም» አሉ። «ሌላ ነገር አለ።»

«አለ» አለች ጠራቢዋ። እዚህ ላይ ድምፅዋ ወረደ። «ባሌን በቀበርን ቀን እጄን ያዙና 'ልጄ፣ የእሱ ዕቅድ ነው' አሉኝ። ስምንት ዓመት ያንን ቃል ስጠርበው ኖርኩ። እኛ ዘንድ ድጋፍ ሥራው ሲያልቅ ይጣላል። ታዲያ ባሌ ለምን ሥራ ነው ድጋፍ የተደረገው? ሁሉን የሚችል፣ አንድ ሰው ሳያሰምጥ የፈለገበት መድረስ ያቅተዋል? እንዲህ የሚያደርግ አቅም ያነሰው ነው። እኔ የማምነው ደግሞ አቅም የሚያንሰውን አይደለም። ባሌን የጣለው የበሰበሰ እንጨት ነው። መበስበሱን አይቶ ዝም ያለውም ሰው ነው።»

ገዢው ጫማውን አየ። ከውጭ የወንዙ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ግንድ ነገር ይዞ መጥቶ ከድጋፉ ጋር አላተመው፤ ወለሉ ራሱ ነዘረ። «ውኃው የድጋፉን አግዳሚ ነካ» የሚል ጩኸት ከዳርቻው መጣ።

«ያንን ያልኩሽ» አሉ ሊቁ በመጨረሻ፣ «የምለው አጥቼ ነው። ዐሥራ አንድ ቀብር ነበረኝ በዚያ ሳምንት። ለዐሥራ አንዱም ያንኑ አልኩ።»

«አውቃለሁ፣ አባታችን። ስላልተቀየምኩዎ ነው የነገርኩዎ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ እንደ ተማሪ፣ አንድ ጣታቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። ዕቅድ ካላስፈለገው፣ ሁሉን በአንድ ቃል ማቆም ከቻለ፣ ዓለም ለምን ቀን በቀን፣ ድንጋይ በድንጋይ ትሄዳለች? እኛስ ምን እንሠራለን እዚህ?»

«እሱን አላውቅም» አለች። «እኔ ጠራቢ ነኝ።»

«እኔ ልናገር?» አለ ውኃ ልክ።

ሁሉም ዞረው አዩት። በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

«ይቺ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት መዶሻ ስጠኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ያበላሸችው ድንጋይ ከዚህ እስከ ወንዙ መንገድ ያስነጥፋል። ሥራ አላቀለለችልኝም፤ ብቻዬን ብሆን በግማሽ ጊዜ እጨርስ ነበር። ዕቅዴ ውስጥም አልነበረችም፤ የዚያን ጊዜ ንድፎቼ ዛሬም አሉ፣ ቢፈልጓት አያገኟትም። ግን አጠገቤ ሆና ስታንኳኳ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ትንሽ አሰበና «አሁንም ደስ ይለኛል፤ አፏን ስትይዝ ነው እንጂ» ብሎ ጨመረ።

ሊቁ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ በመጨረሻ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀሚሳቸው ጫፉ በኖራ ነጭ ሆኗል፤ አላራገፉትም።

«ስድሳ ዓመት ተምሬ» አሉ፣ «ደስ ስላለው የሚል መልስ የተጻፈበት መጽሐፍ አላገኘሁም። ድንጋዩ ባለበት ይቆይ። በሁለቱም ፍቺው ይቆይ። ይባረክ።»

ገዢው ብራናውን ከበሩ ላይ በገዛ እጁ ገነጠለው።

ከዚያ በኋላ የተሮጠው ሩጫ እንዴት ይነገራል? ሃያ አራቱ መዶሻቸውን አነሡ። በግንበኞች ሥርዓት ሽብልቅ ሲመታ ቁልፍ ድንጋዩን ያስቀመጠ ሰው ድንጋዩ ላይ ይቆማል፤ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል። ጠራቢዋ ወጥታ ቆመች። ኮቴ ስትሰማ ዞር አለች፤ ሊቁ ምርኩዛቸውን ይዘው እያለከለኩ ከኋላዋ ይመጣሉ።

«ይመለሱ እንጂ፣ አባታችን።»

«የባረክሁት እኔ አይደለሁም?» አሉና አጠገቧ ቆሙ።

ውኃ ልክ ከዳርቻው ክንዱን አነሣ። «በእኩል» አለ። «ከእኩል ወጣ ያለ ከእኔ ጋር ነው።» ክንዱ ሲወርድ ሃያ አራት መዶሻ በአንድ ድምፅ አረፈ። ደግሞ አነሣ። ደግሞ አረፈ። በአራተኛው ሽብልቆቹ ተንሸራተቱ፤ በስድስተኛው ከእግራቸው ሥር ትልቅ የማቃሰት ድምፅ መጣ። ድልድዩ አንዲት ጣት ያህል ዝቅ አለ። በየመጋጠሚያው የኖራ ብናኝ ቡን አለ፤ ድንጋይ ድንጋይን ተደገፈ፤ ቁልፉ ግራና ቀኙን ያዘ።

ዝም አለ። ቀጥ አለ።

ውኃ ልክ ሆዱ ላይ ተኝቶ ከዳርቻው ወደ ሥር ተመለከተ። በእንጨቱና በድንጋዩ መካከል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጭን የብርሃን መሥመር ታየው። ድንጋዩ ማንንም አልተደገፈም። «ለቀቀው» አለ፤ ሌሎች ናቸው የጮሁለት።

የመጨረሻው ሰው ከሽብልቆቹ ሥር ወጥቶ ዳርቻው ላይ እንደደረሰ ወንዙ መጣ። ድጋፉን በአንድ ጎኑ ነጠቀው፣ አዞረው፣ ሰባበረው፤ የሁለት ጫካ እንጨት እየተገለባበጠ ወረደ። ቅስቱ ግን እላዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየው። ከሁለቱም ዳር የተነሣው እልልታና ጩኸት የወንዙን ድምፅ ዋጠው። ግንበኞቹ ተቃቀፉ፤ ገዢው ያገኘውን ሰው ሁሉ ይስም ነበር፤ ባለ ታንኳው ሳይቀር፣ እንጀራው እንዳለቀ እያወቀ፣ ያጨበጭብ ነበር። ጠራቢዋ እዚያው ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ስምንት ዓመት የያዘችውን ለቅሶ ነው የለቀቀችው፤ ደስታ ደግሞ እንዲህ ሆድ እንደሚያባባ አታውቅም ነበር።

ውኃ ልክ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ወደ ታች፣ ወደሚሄደው እንጨት ተመለከተ።

«ስድስት ዓመት ያሰብኩት ያውና ሄደ» አላት። ከወንዝ ጋር ተጣልቶ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሕዝቡ መሻገር ሲጀምር ጠራቢዋ እማማን ፈለገቻቸው። ከድልድዩ አፍ ላይ፣ ድንጋዩ ከሚጀምርበት አንዲት ስንዝር ወዲህ፣ ቆመው አገኘቻቸው። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል። እግራቸው ግን አልታዘዘም። ሊቁ በመመለስ ላይ ነበሩና እማማ ቀሚሳቸውን ያዝ አደረጉ።

«አባታችን፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያ ሁሉ ጠብ የተነሣበት ድንጋይ ምን ይላል?»

ሊቁ ወደ ጠራቢዋ ዐይናቸውን ጣል አደረጉ፤ ከዚያ ወደ አሮጊቷ።

«'አታስቢ' ይላል» አሉ።

እማማ ቃሉን ትንሽ ያዙት። ከዚያ የምራታቸውን እጅ ጨብጠው አንድ እግራቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ፤ ቀጥለውም ሁለተኛውን። መሐል ላይ፣ ቁልፍ ድንጋዩ አናት ሲደርሱ፣ ቆሙና ልጃቸው የገባበትን ውኃ ቁልቁል አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉት እሳቸውና ወንዙ ያውቃሉ። ማዶ፣ ከሕዝቡ መሐል፣ አንዲት ሴት ልጆቿን እየጎተተች ወደ ድልድዩ ትሮጥ ነበር።

«ትንሹ መራመድ ጀምሯል አሉኝ» አሉ እማማ። «እስቲ ማን ይቀድማል።»

እጇን ለቀቁና ቀድመዋት ሄዱ።